ጣናን በውኃው ሰዓት መጎብኘት፦ ደሴቶቹን፣ ዓለታማ ዳርቻዎቹንና ገደሎቹን ለሚያይ ተጓዥ

ከጎጃም ወገን የጣናን ሐይቅ ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉዞውን የሚያቅደው ደሴት በመቁጠር ነው። ክብራን፣ እንጦስ፣ ዘጌ፣ ደቅ፣ ዳጋ እያለ ስም ይዘረዝርና ሁሉንም በአንድ ቀን ሊያዳርስ ይነሳል። በእኔ እምነት ግን ዕቅዱ መነሳት ያለበት ከውኃው ጠባይ ነው፤ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓትና በምን ዓይነት ጀልባ እንደሚሄዱ አስቀድመው ከወሰኑ፣ የትኞቹን ደሴቶች ማየት እንደሚችሉ ሐይቁ ራሱ ይነግርዎታል። በአንድ ቀን ሁለት ቦታ በእርጋታ ያየ ሰው አምስት ቦታ ረግጦ ከተመለሰው የበለጠ ጣናን አውቋል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ለተጓዥ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ቁጥር የለም ለማለት እደፍራለሁ። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ሞገዱም አጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያለ ዕረፍት ይንጣል። ሐይቁ የተፈጠረው በጥንት ዘመን የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የሸለቆውን መውጫ በመገደቡ ስለሆነ፣ የደሴቶቹም የዳርቻዎቹም ድንጋይ በአብዛኛው ጥቁር ባዛልት ነው። ስለዚህ የአሸዋ ሜዳ ለመርገጥ የሚመጣ ሰው ሐሳቡን ይለውጥ። የጣና ዳር ቋጥኝ፣ ጭቃ፣ ደንገልና እስከ ውኃው ጠርዝ የወረደ ደን ነው።

ወቅትና ሰዓት

የሐይቁ ውኃ ዝቅ የሚለው ከክረምቱ መግቢያ በፊት በግንቦትና በሰኔ ሲሆን፣ ከፍ ብሎ የሚሞላው ደግሞ ክረምቱ ካለቀ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ሁለቱም ወቅቶች የየራሳቸው ችግር አላቸው። ውኃው በሚጎድልበት ጊዜ ዳርቻው ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ጀልባው ከተለመደው መውረጃ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ቀሪውን በጭቃና በተገለጡ ድንጋዮች ላይ መራመድ ግድ ይሆናል። ውኃው በሚሞላበት ጊዜ ደግሞ እነዚያው ድንጋዮች ከውኃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብለው ስለሚሰወሩ ጀልባ ነጂው ወደ ዳር ሲጠጋ ፍጥነቱን መቀነስ ይኖርበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለውን ጊዜ እመርጥለታለሁ፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ደኑ ገና አረንጓዴ ነው፣ የዘጌ ቡናም የሚለቀመው በዚሁ ወራት ውስጥ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዶፍ ስለሚበዛ በክፍት ጀልባ ሰፊው ውኃ ላይ መገኘት አይገባም።

ከወሩ ይልቅ ግን ሰዓቱ ይበልጣል። ማለዳ ሐይቁ ረግቶ ይውላል፤ ከቀትር ወዲህ ግን ነፋሱ እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ መነሳትና ሰፊውን ውኃ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት አቋርጦ መመለስ የጉዞው መሠረታዊ ደንብ ይሁንልዎ። በመንገድ ላይ ሳሉ አሻግረው ይመልከቱ። ከሩቅ የውኃው መልክ ጠቆር ካለና ነጭ አረፋ ብልጭ ብልጭ ማለት ከጀመረ ነፋሱ ወደ እርስዎ እየመጣ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ሰብስበው ወደ ዳር መቅዘፍ ከጀመሩም ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልግም፤ የእርስዎም ጀልባ ወደ ቅርቡ ዳርቻ ይጠጋ።

ባሕር ዳር የምትገኘው በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ፀሐዩ ከፍታው በሚያመጣው ቅዝቃዜ ተሸፍኖ ሳይሰማ ያቃጥላል፤ ከውኃው የሚንጸባረቀው ብርሃንም ይጨመርበታል። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና ለማለዳው ብርድ አንድ ጋቢ ይያዙ። በቂ የመጠጥ ውኃ፣ እንደ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ያለ የማይበላሽ ስንቅ፣ እንዲሁም ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ይኑርዎት፤ የመግቢያ ክፍያ በየገዳሙ ለየብቻ ስለሚጠየቅ፣ በደሴት ላይም ብር የሚዘረዝር ሰው ስለማይገኝ።

ጀልባና ጀልባ ነጂ

ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ጸጥታ ወቅታዊውን ሁኔታ በባሕር ዳር የሚገኙ የጀልባ ማኅበራትንና ነዋሪዎችን ይጠይቁ። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከሞጣ በኩል በመኪና የሚመጣ ሰው ደግሞ ማታ ደርሶ ማደር አለበት፤ በዚያው ቀን ደርሶ ከሰዓት በኋላ ውኃ ላይ መውጣት የቀኑን ክፉ ሰዓት መምረጥ ነው።

ባለ ሞተር ጀልባ ሲከራዩ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሚጎበኙትን ቦታዎች፣ በእያንዳንዱ ቦታ የሚቆዩበትን ጊዜና የመመለሻውን ሰዓት ከነጂው ጋር በግልጽ ይስማሙ። ከዚያ ጀልባውን ራስዎ ይዩት። ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሚሆን የነፍስ አድን ጃኬት መኖሩን፣ መቆለፊያዎቹ እንደሚሠሩ፣ መጠባበቂያ ነዳጅ፣ መቅዘፊያ፣ ገመድና ውኃ መጭለፊያ መጫኑን፣ ሞተሩም ሳይንገራገጭ መነሳቱን ያረጋግጡ። ጃኬቱን ከመቀመጫ ሥር አስቀምጦ መሄድ የተለመደ ነው፤ እባክዎ ይልበሱት፤ ልጆችዎንም ያልብሱ። ጀልባው ሲንቀሳቀስ ፎቶ ለማንሳት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን መቆም ከሞገድ እኩል አደገኛ ነው።

ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ በቅርብ ማየት ለብቻው ጊዜ የሚሰጠው ነገር ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ደንገሉ ታጭዶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ይታሰርና ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይሰፋል። ታንኳው ውኃ እንዳይገባበት ተደርጎ የተሠራ አይደለም፤ ውኃው በነዶዎቹ መካከል ይገባል፣ ይወጣል። የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ግንድ ውስጥ ያለው አየር ስለሆነ ቀዛፊው ከፍ ባለ ነዶ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ቀስ በቀስ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ከውኃው ይወጣና እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። በዳርቻው የቆሙ ታንኳዎችን ሲያዩ የሰው መተዳደሪያ ናቸውና ሳያስፈቅዱ አይንኳቸው። በታንኳ መሄድ ከፈለጉም ከባለቤቱ ጋር ተስማምተው ማለዳ ከዳር ሳይርቁ ይሞክሩት እንጂ ሰፊውን ውኃ አያቋርጡበት።

ከጀልባ መውረድና ዳርቻውን መርገጥ

በጣና ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በመሐል ሐይቁ ሳይሆን በመውረጃው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ጀልባው ሲጠጋ ሁሉም ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል። ጀልባው በአፍንጫው ድንጋዩን ነክቶ፣ ገመዱ ተይዞ፣ ነጂው «ውረዱ» እስኪል ከመቀመጫዎ አይነሱ። ቦርሳዎ ጀርባዎ ላይ ይሁን፤ ሁለቱም እጆችዎ ነፃ ይሁኑ። ሞገዱ ጀልባውን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርገው ከፍ ብሎ ከድንጋዩ ጋር በሚስተካከልበት ቅጽበት ይራመዱ። ለመርገጥ የሚመረጠው ደብዛዛ፣ ግራጫማና ደረቅ ድንጋይ ነው። ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጨው ወይም አረንጓዴ ልባስ የለበሰው ድንጋይ ሳሙና እንደተቀባ ያዳልጣል። እግርዎን በሁለት ድንጋዮች መካከል ባለ ክፍተት አያሳርፉ፤ ሰውነት ወዲያ ሲያዘነብል ቁርጭምጭሚት እዚያው ይቀራል። ነጠላ ጫማ ለዚህ መሬት አይሆንም። ጎማው የሚይዝ፣ እግርን የሚሸፍን ጫማ ያድርጉ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማውለቅ ግዴታ ስለሆነ ግን ቶሎ የሚወልቅ ቢሆን ይመረጣል።

በዳርቻው ለመሄድ ሲፈልጉ ደንገልና ቄጠማ የበዛበትን ረግረግ ሰንጥቀው አይለፉ። ይህ ቦታ ዓሦች የሚራቡበት፣ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ነው። የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ የገባው እንደዚህ ባሉ ሥፍራዎችም ምክንያት ነው። በሌላ የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እዚህ ሐይቅ ውስጥ ይኖራሉ። በአንጻሩ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ የጀልባን መንገድ ይዘጋል፣ የዓሣንም መራቢያ ያፍናል። ወይን ጠጅ አበባው ያምራልና ቀጥፌ ልውሰድ የሚል ሐሳብ አይምጣብዎ። ቁራጩ ከሌላ ኩሬ ወይም ወንዝ ከገባ እዚያም ይበቅላል። ጫማዎና የጀልባው ገመድ ላይ የተጠመጠመ ካለ ነቅለው ደረቅ መሬት ላይ ይተዉት።

ስለ ዋና ያለኝ ምክር አጭር ነው፤ አይዋኙ። የጣና ዳርቻ በተለይም ሣርና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች መኖሪያ ነው። ተሐዋሲው ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ስለሚገባ፣ ውኃውን አለመጠጣት ብቻውን አያድንም። ከጀልባ ሲወርዱ እግርዎ ከራሰ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አብሱት። ደጋግመው ውኃ የነካዎት ከሆነ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በጤና ተቋም ተመርመሩ፤ ምርመራው ቀድሞ ቢደረግ የተሐዋሲው እንቁላል ላይታይ ይችላል። በሽታው ሲገኝ ፕራዚኳንቴል በተባለው መድኃኒት ይታከማል። በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ ወባም አለ፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት ይበዛልና በአጎበር ውስጥ ይደሩ።

ጉማሬ ሌላው ሊከበር የሚገባው ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና በደብረ ማርያም ገዳም አቅጣጫ ይታያል። ሌሎች ጀልባ ነጂውን ጠጋ በል ቢሉት እንኳ እርስዎ እንዲጠጋ አይገፋፉት፤ ጀልባውም በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል ፈጽሞ አይግባ። ጉማሬ ለግጦሽ ወደ የብስ የሚወጣው ሌሊት ስለሆነ ከምሽት እስከ ንጋት በሣራማው የወንዝ ዳር መሄድ አይገባም። አርጃኖ በቋጥኞቹ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ያጋጥምዎታል፤ ካልተነካ ጉዳት የለውም፣ ርቀው ይለፉት።

የት መሄድ

ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ሰው ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ይበቃሉ። ጎን ለጎን የሚገኙ፣ ከባሕር ዳርም ቅርብ የሆኑ ደሴቶች ናቸው። ክብራን የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡበትም፤ እንጦስ ግን ሴቶችን ይቀበላል። ወንድና ሴት አብረው ሲጓዙ ይህን አስቀድመው ተነጋግረው ጀልባው ሴቶቹን እንጦስ አድርሶ ወንዶቹን ወደ ክብራን እንዲወስድ ማድረግ ይችላሉ፤ ሴቶች በጀልባ ላይ ፀሐይ እየመታቸው እንዲጠብቁ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም። ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስም በተመሳሳይ ሥርዓት ለሴቶች ዝግ ናቸው።

ሙሉ ቀን ካለዎት ዘጌን ይምረጡ። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በመኪና መንገድም ይደረሳል። ሞገድ ቢነሳ በየብስ መመለስ መቻሉ ለጥንቁቅ ተጓዥ ትልቅ ነገር ነው። በገዳማቱ ሥርዓት ማረስ የተከለከለ በመሆኑ ደኑ እስከ ዛሬ ቆይቷል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ ይበቅላሉ። ከመውረጃው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ አቀበቱ መጠነኛ ቢሆንም የዛፍ ሥርና ልቅ ድንጋይ ይበዛበታል። መሬት ላይ ተሰጥቶ የሚደርቅ ቡና ካጋጠመዎ በዳር በዳር ይለፉ። ክብ ሆኖ የተሠራው የኡራ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ከውጭ በኩል በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ሥዕሎቹ በየአቅጣጫው ስለሚለያዩ ዙሪያውን በዝግታ ይዙሩ፣ ያለ ፍላሽ ያንሱ፣ ያውም ሲፈቀድ። አዝዋ ማርያም ከዚያው አቅራቢያ ነው፤ ሁለቱን አይቶ በደኑ ውስጥ አንድ ሰዓት መሄድ ቀኑን ይሞላዋል።

እዚህ ላይ ብዙ የጉዞ መረጃዎች የሚዘነጉትን ልጨምር። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር ጀምሮ ስለሆነ፣ በረቡዕ፣ በዓርብና በዐቢይ ጾም የሚሄድ ጎብኚ ቤተ ክርስቲያን ለማየት ማለዳውን ካልተጠቀመ እስከ 9 ሰዓት ድረስ መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል። ይህ ደግሞ ነፋሱ ከሚበረታበት ሰዓት ጋር ይገጥማል። በክብረ በዓል ቀን መሄድ ለሚወድ የካቲት 16 በኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ጥር 7 በደቅ ደሴት ባለው ናርጋ ሥላሴ፣ ጥቅምት 17 በዳጋ እስጢፋኖስ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ነው። በእነዚህ ቀናት ጀልባ ከልክ በላይ ይጫናልና ከተጨናነቀ ጀልባ ላይ አይሳፈሩ፤ ቀጣዩን ይጠብቁ።

ደቅና ዳጋ በሐይቁ መሐል ስለሚገኙ ከባሕር ዳር ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ያስኬዳሉ። ደቅ ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቁ ሲሆን ዝቅ ያለ፣ ገበሬና ዓሣ አስጋሪ የሚኖርበት መሬት ነው። በጠርዙ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ፤ ከሥዕሎቹ መካከል እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው የሚታዩበትን ሳያዩ አይመለሱ። ከጎኑ ያለው ዳጋ በአንጻሩ እንደ ሾጣጣ ተራራ ከውኃው የወጣ ነው። ከመውረጃው እስከ ላይ ያለው አቀበት ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ምርኩዝ ይያዝ፤ ሲወርዱም ጎንዎን አዙረው ይውረዱ። በዕቃ ቤቱ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲል አጽም ተጠብቆ ይገኛል። ጠባቂው አባት የሚያሳዩት በጸሎት መንፈስ ስለሆነ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ይህን ጉዞ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማድረግ ይቻላል፤ የመልሱ ግን ያለ ጥርጥር በነፋሱ ሰዓት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቀው ደቅ ላይ በድንኳን አድረው በማግስቱ ማለዳ ቢመለሱ ይሻላል።

ጣና ቂርቆስ በምሥራቁ ዳርቻ ያለ፣ ከሐይቁ በኩል ሲታይ እንደ ግድግዳ የቆመ ዓለት ነው። ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ያረፈችበት እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። ከገደሉ ሥር በጀልባ ማለፍ የሚቻለው ውኃው በረጋበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሞገድ ከዓለቱ ጋር ተላትሞ ሲመለስ ውኃው በሁለት አቅጣጫ ስለሚናወጥ ትንሽ ጀልባ እዚያ መጠጋት የለበትም።

እውነተኛ ገደል ለማየት የሚፈልግ ግን ከሐይቁ ወጥቶ ዓባይን ተከትሎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጢስ ዓባይ ይውረድ። ፏፏቴው 40 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የባዛልት አፋፍ ይወረወራል። ከውኃው ከፊሉ ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ስለሚወሰድ በበጋ ይቀንሳል፤ ከነሐሴ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ግን ግርማው ይመለሳል። ያን ጊዜ ደግሞ ጭጋጉ የአፋፉን ሣር ሁልጊዜ እርጥብ አድርጎ ስለሚይዘው መሬቱ ያዳልጣል። ከጠርዙ ቢያንስ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ጀርባዎን ለገደሉ ሰጥተው ፎቶ አይነሱ፤ ልጅ ካለ እጁን ይያዙ። በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራውን የአላታ ድልድይ በእግር ተሻግሮ በመመልከቻው በኩል መዞር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለዚህም ማለዳ ይሻላል፤ ፀሐዩ ጭጋጉን ሲመታው ቀስተ ደመናው ይወጣል፣ የአገሬው ልጆችም የሚያዳልጠውን መንገድ ከሚይዘው ለይተው ስለሚያውቁ ከመካከላቸው አንዱን ከነክፍያው ተስማምተው መሪ አድርገው ይውሰዱ።